በስዋሂሊ ማዕድ ዙሪያ፦ ከ«ካሪቡ» እስከ «ኒሜሺባ»

ስዋሂሊ በታንዛኒያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በምሥራቅ ኮንጎ ሰው ለንግድም ለወግም የሚጠቀምበት ቋንቋ ነው። ዩኔስኮ ተናጋሪዎቹን ከ200 ሚሊዮን በላይ ያደርሳቸዋል። ለኢትዮጵያም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የሞዛምቢኩ ፕሬዚዳንት ጆአኪም ቺሳኖ አዲስ አበባ ላይ ለአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በስዋሂሊ ንግግር አድርገዋል። በ2014 ዓ.ም. እዚያው አዲስ አበባ የተሰበሰበው ጉባኤ ደግሞ ቋንቋውን የኅብረቱ የሥራ ቋንቋ አድርጎ ተቀብሎታል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በስልኩ በ«ኤም-ፔሳ» ገንዘብ የሚልክ ሰው ሁሉ አንድ የስዋሂሊ ቃል ሳያውቀው ይዟል፤ በአገልግሎቱ ስም ውስጥ ያለው «ፔሳ» ገንዘብ ማለት ነው።

አዲስ ቋንቋ ለመልመድ ማዕድ ምቹ ቦታ ነው። አነጋገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ይደጋገማሉ፤ የተሳሳተውንም ሰው ባለቤቶቹ በደስታ ያርሙታል። በወሎ ለሚገኘው ለሐይቅና ለአምባሰል አድማጭ ሌላም ምክንያት አለ። ከሞምባሳ እስከ ዛንዚባር ያለው የገበታ ሥርዓት ከወሎው ጋር በእጅጉ ይቀራረባል፦ ይጠራሉ፣ እጅ ያስታጥባሉ፣ ይባርካሉ፣ በቀኝ እጅ ይበላሉ፣ ጨምሩ ይላሉ፣ ያመሰግናሉ። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ቅደም ተከተል የማዕዱ ቅደም ተከተል ነው።

በመጀመሪያ ስለ ድምፁ። ስዋሂሊ በላቲን ፊደል ቢጻፍም አነባበቡ ለአማርኛ ተናጋሪ አይከብድም። አናባቢዎቹ አምስት ብቻ ናቸው፤ በፊደል ገበታችን ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ የምንላቸው። እንደ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ ያሉ ጠበቅ ብለው የሚፈነዱ ድምፆች የሉትም፤ ለስለስ አድርጎ ተ፣ ከ፣ ቸ፣ ፐ ማለት ይበቃል። ፈረንጅ የሚቸገርባት «ኝ» ለእኛ ሰው ቀላል ናት፤ ሥጋ «ኛማ» ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ከሌላ ተነባቢ ፊት የሚመጣው «ም» ነው። ዳቦ «ምካቴ» ይባላል፤ ከፊቱ «እ» ሳይጨመር፣ ከንፈር ተገጥሞ «ም» ለብቻው ይባልና «ካቴ» ይከተላል። የቃሉ ጭነት ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል ላይ ያርፋል፦ ቻ-ኩ-ላ ሲባል «ኩ» ላይ፣ ካ-ሪ-ቡ ሲባል «ሪ» ላይ። ይህን የጠበቀ ሰው ቃላቱ ጥቂት ቢሆኑም ንግግሩ ይገባል።

ወደ ስዋሂሊ ተናጋሪ ቤት የመጣ እንግዳ ከደጅ ሆኖ «ሆዲ!» ብሎ ይጣራል። በወሎ ገጠር «ቤቶች!» እንደሚባለው ነው። ከውስጥ «ካሪቡ!» የሚል ድምፅ ይመለሳል፤ እንግዶቹ ብዙ ከሆኑ «ካሪቡኒ!» ይሆናል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ «ቅርብ» ከሚለው የአማርኛ ቃል ጋር አንድ ነው፤ «ቅረቡ» ብሎ ያሰበ ሰው አይረሳውም። ቀጥሎ ሰላምታ ነው። ታናሹ በዕድሜ ለሚበልጠው ሰው «ሺካሞኦ» ይላል፤ ታላቁ «ማራሃባ» ብሎ ይመልሳል። ይህ ሰላምታ ሳይሰጥ ገበታ ላይ መቀመጥ፣ በተለይ በታንዛኒያ፣ እንደ ነውር ይቆጠራል።

አማርኛ አክብሮትን በግሡ ያሳያል፤ «ብላ» እና «ይብሉ» የተለያዩ ናቸው። ስዋሂሊ «አንተ»ን፣ «አንቺ»ንና «እርስዎ»ን በአንድ ቃል ይጠራል፤ አክብሮቱን የሚሸከመው መጠሪያው ነው። የእናት ያህል ለሆነች ሴት «ማማ»፣ ለሽማግሌ «ምዜኤ»፣ ለእህት «ዳዳ»፣ ለወንድም «ካካ» ይባላል። ስለዚህ «እማማ»፣ «ጋሼ»፣ «እትዬ» ብሎ መጥራት የለመደ ሰው ልማዱን እንደያዘ ይቀጥል፤ ከማንኛውም ዓረፍተ ነገር በፊት መጠሪያውን ያስቀድም።

አሁን ማዕዱ ቀርቧል። ሐይቅ ላይ የሚበላ ሰው አላፊ አግዳሚውን «እንብላ!» ሳይል እንደማይጎርስ ሁሉ ስዋሂሊ ተናጋሪም «ካሪቡ ቻኩላ!» ወይም «ካሪቡ፣ ቱሌ!» ይላል። «ቻኩላ» ምግብ ነው፤ «ቱሌ» በትክክል «እንብላ» ማለት ነው፤ ለመጠጥ ሲሆን «ቱኝዌ» ይባላል። ግብዣውን የተቀበለ «አሳንቴ» ብሎ አመስግኖ ይቀመጣል። የማይበላ ከሆነ «አሳንቴ፣ ኒሜሺባ» ይላል፤ «አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ» ነው። «ስታሬሄ» የሚልም አለ፤ «ተዉ አትነሡ፣ በምቾት ብሉ» እንደማለት ነው። ደረቅ «ሃፓና» (አይ) ብቻውን ግን አይበቃም፤ ቢያንስ «ሃፓና፣ አሳንቴ» መባል አለበት። ከዚህ ሁሉ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ የሚያዝ ቢሆን ይህች የግብዣና የመልስ ልውውጥ ትያዝ። የምግብ ስም በጣት ጠቁሞ ማግኘት ይቻላል፤ ግብዣን በአክብሮት መቀበልና መመለስ ግን አንደበት ይጠይቃል።

«ኒሜሺባ» ሰዋስውም ያስተምራል። ቃሉ ሦስት ክፍል አለው፦ «ኒ» እኔ፣ «ሜ» ድርጊቱ ተፈጽሞ ውጤቱ እንዳለ የሚያሳይ፣ «ሺባ» መጥገብ። ፊተኛውን መቀየር ባለቤቱን ይቀይራል፦ «ኡሜሺባ» ጠግበሃል ወይም ጠግበሻል፣ «አሜሺባ» ጠግቧል ወይም ጠግባለች፣ «ቱሜሺባ» ጠግበናል፣ «ዋሜሺባ» ጠግበዋል። ወንድና ሴት አይለይም። የኋለኛውን መቀየር ደግሞ ድርጊቱን ይቀይራል፦ «ኒሜኩላ» በልቻለሁ፣ «ኒሜኩኝዋ» ጠጥቻለሁ። «ሜ»ን በ«ና» የተካ ሰው አሁን እየሆነ ያለውን ይናገራል፦ «ኒናኩላ» እየበላሁ ነው፣ «ቱናኩላ» እየበላን ነው። ረሃብና ጥም በሌላ መንገድ ይነገራሉ፤ «ኒና ንጃአ» ርቦኛል፣ «ኒና ኪኡ» ጠምቶኛል። ቃል በቃል «ረሃብ አለኝ»፣ «ጥም አለኝ» ነው።

ከመብላት በፊት እጅ ይታጠባል፤ «ቱናዌ ሚኮኖ» እጃችንን እንታጠብ ነው። «ማጂ» ውኃ፣ «ማጂ ያ ኩናዋ» የእጅ መታጠቢያ ውኃ። ሙስሊሙ «ቢስሚላሂ» ይላል፤ ክርስቲያኑ «ቱኦምቤ» (እንጸልይ) ብሎ ይጸልያል። ከዚያ በቀኝ እጅ ይበላል። የቀኝ እጅ ስም ራሱ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፦ «ምኮኖ ዋ ኩሊያ» ማለት «የሚበላበት እጅ» ነው። ወሎ ውስጥ ሕፃን በግራው ሲጎርስ የሚቆጣ እናት ይህን ስም ብትሰማ ፍቺ አያሻትም።

የገበታው ዋና ምግብ በብዙ ቦታ «ኡጋሊ» ነው፤ ከበቆሎ ዱቄት ተገንፍቶ እስኪጠነክር የሚማሰል ገንፎ። አበላሉ ልምድ ይጠይቃል። ከትኩሱ ገንፎ በጣት ቆንጥሮ፣ በመዳፍ ድቡልቡል አድርጎ፣ በአውራ ጣት መሐሉን ሰርጎድ ካደረጉት በኋላ በዚያች ጉድጓድ ወጡ ይዘቃል። እንጀራ ጠቅልሎ መጉረስ የለመደ እጅ ቶሎ ይገባዋል። ከኡጋሊ ጋር ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ጎመን በኬንያ «ሱኩማ ዊኪ» ይባላል፤ ትርጉሙ «ሳምንቱን ግፋ» ነው፤ ሥጋ መግዣ ያነሰው ቤት እስከ ሳምንቱ መጨረሻ የሚደርስበት ርካሽ ምግብ መሆኑን ያመለክታል። ሩዝ ሦስት ስም አለው። በማሳ ላይ «ምፑንጋ»፣ ተፈልፍሎ ገበያ ሲወጣ «ምቼሌ»፣ በስሎ ሲቀርብ «ዋሊ»። ገበታ ላይ «ምቼሌ» የጠየቀ ሰው ጥሬ ሩዝ ጠየቀ ማለት ነው።

ለአማርኛ ጆሮ የታወቁ ቃላትም አሉ። ሳህን «ሳሃኒ»፣ ስኳር «ሱካሪ»፣ ሻይ «ቻይ» ነው፤ ሳምቡሳ ደግሞ ምንም ሳይለወጥ «ሳምቡሳ» ነው። በብዛት ሁለቱም ቋንቋዎች በየበኩላቸው ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ያገኟቸው ናቸው። አዲስ የሚጠኑት ጥቂት ናቸው፦ «ቹምቪ» ጨው፣ «ፒሊፒሊ» ቃርያና በርበሬ፣ «ኩኩ» ዶሮ፣ «ማያኢ» እንቁላል፣ «ማሃራግዌ» ቦሎቄ፣ «ኪጂኮ» ማንኪያ፣ «ኪኮምቤ» ሲኒ ወይም ኩባያ።

ዓሣ «ሳማኪ» ነው፤ ለሐይቅ አድማጭ ይህ ቃል ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል። በሐይቅ ከተማ ቆሮሶ ሙሉውን በዘይት ተጠብሶ ይቀርባል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በኪሱሙና በምዋንዛም ያው የቆሮሶ ዘር በተመሳሳይ አኳኋን ይጠበሳል፤ እንጀራው ብቻ በኡጋሊ ይተካል። ታንዛኒያዊ ይህን ዓሣ «ሳቶ» ይለዋል። የተጠበሰ ዓሣ «ሳማኪ ዋ ኩካአንጋ»፣ ሙሉ ዓሣ «ሳማኪ ምዚማ» ይባላል። ከልጆች ጋር የሚበላ ሰው «አንጋሊያ ሚኢባ» የምትለዋንም ይያዝ፤ «እሾሁን ተጠንቀቅ» ማለት ናት። ሐይቅ ራሱ «ዚዋ» ነው፤ ሐይቆች ሲሆን «ማዚዋ» ይሆናል። «ማዚዋ» ወተትም ማለት ነው። «ናኦምባ ማዚዋ» ያለ ሰው ግን ወተት እንጂ ሐይቅ እንዳልጠየቀ ሁሉም ይረዳዋል።

«ናኦምባ» የጨዋ ሰው ቃል ናት፤ «እለምናለሁ» ወይም «እባክዎ ይስጡኝ» ያህል ነው። «ናኦምባ ማጂ» ውኃ ስጡኝ፣ «ናኦምባ ቹምቪ» ጨው አቀብሉኝ። መማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስተምሩት «ናታካ»ን (እፈልጋለሁ) ነው፤ ስሕተት ባይሆንም በሰው ቤት ጠንከር ይላል። «ኒፔ» (ስጠኝ) በጓደኛ መካከል ካልሆነ አይመከርም። መጨመር ሲፈለግ «ኦንጌዛ ኪዶጎ» ትንሽ ጨምር፤ ሲበቃ «ኢናቶሻ» ይበቃል። የማይፈለገውን ለማስቀረት «ቢላ» ያገለግላል፦ «ቢላ ሱካሪ» ያለ ስኳር፣ «ቢላ ፒሊፒሊ» ያለ ቃርያ። ምስጋናም አይዘንጋ። «ቻኩላ ኪታሙ ሳና» ምግቡ በጣም ይጣፍጣል ነው። «ታሙ» (ጣፋጭ) እንደሚያጅበው ስም ፊቱን ይለዋውጣል፤ ለምግብ «ኪታሙ»፣ ለዳቦና ለዓሣ «ምታሙ»፣ ለቡና ያለ ቅጥያ «ታሙ»። ይህ የስዋሂሊ ሰዋስው ዋና ጠባይ ነው፤ ጀማሪ ሕጉን ሳይሆን እነዚህን ጥንዶች እንዳሉ ቢሸመድድ ይሻለዋል።

ለኢትዮጵያዊ ከሁሉ አስቸኳዩ የጾም አነጋገር ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባቋቋሙት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አካባቢ ላደገ ሰው ረቡዕና ዓርብ መጾም ማስረዳት የማያሻው ነገር ነው። በናይሮቢ ግን ማስረዳት ያስፈልጋል። «ኒሜፉንጋ» ጾመኛ ነኝ ማለት ነው፤ «ፉንጋ» መዝጋትም መጾምም ነው። ሆኖም ሰሚው ምንም የማይበላ ሊመስለው ስለሚችል ዝርዝሩን መንገር ይበጃል፦ «ሲሊ ኛማ ዋላ ማዚዋ» ሥጋም ወተትም አልበላም። በአካባቢው ብዙ ክርስቲያን ሥጋ ሲተው ዓሣ ይበላልና ደግ ባለቤት ወዲያው ዓሣ ያመጣል። ዓሣ ለማይበላ ጾመኛ «ሲሊ ሃታ ሳማኪ» (ዓሣ እንኳ አልበላም) መጨመር አለበት። ያን ጊዜ «ማሃራግዌ» ይቀርብለታል። ረቡዕ «ጁማታኖ»፣ ዓርብ «ኢጁማአ» ነው፤ ሁለተኛውን ጁምዓ የሚሰግድ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ሙስሊም አድማጭም በረመዳን ያንኑ «ኒሜፉንጋ» ይላል፤ የማፍጠሪያው ምግብ «ፉታሪ»፣ የሱሁሩ «ዳኩ» ይባላል። የሥጋውን ነገር ለማረጋገጥ «ኛማ ሂኢ ኒ ሃላሊ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ በወሎ እንደሚሆነው በዚያም ማንም አይቀየምም።

የምግብ ሰዓት ላይ ኢትዮጵያዊ ከሌላው ተማሪ ሁሉ ይቀድማል። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። «ሳአ ሞጃ አሱቡሂ» ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ «ሳአ ሲታ ምቻና» ከቀኑ 6 ሰዓት፣ «ሳአ ምቢሊ ኡሲኩ» ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። አውሮፓዊው ስድስት ሰዓት እየደመረና እየቀነሰ ሲደናገር የሐይቅ ሰው የለመደውን ይናገራል። ቁጥሮቹ ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ፣ ንኔ፣ ታኖ፣ ሲታ፣ ሳባ፣ ናኔ፣ ቲሳ፣ ኩሚ ናቸው፤ 6፣ 7 እና 9 ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ቁርስ «ኪያምሻ ኪኝዋ» ይባላል፤ «አፍ የሚቀሰቅስ» እንደማለት ነው። ምሳ «ቻኩላ ቻ ምቻና»፣ እራት «ቻኩላ ቻ ኡሲኩ» ነው። «ቱናኩላ ሳአ ንጋፒ?» ስንት ሰዓት ነው የምንበላው? አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፤ ቀጠሮው በእንግሊዝኛ ከተነገረ አቆጣጠሩም የአውሮፓ ነው።

ቡና «ካሃዋ» ነው። በዛንዚባርና በሞምባሳ ማታ ማታ ስኳር የሌለው ቡና በትንንሽ ሲኒ በየመንገዱ ይጠጣል፤ ሻጩ ከነሐስ በተሠራ ረጅም ጀበና ያዘዋውረዋል። መራራ ቡና «ካሃዋ ቹንጉ» ይባላል፤ ምሬቱን ለማስታገስ ከኦቾሎኒ ወይም ከኮኮናት የተሠራ «ካሻታ» ይቀርባል። ወሬው ግን የቡናው ግማሽ ነው፤ ዛንዚባር ውስጥ ጎልማሶችና ሽማግሌዎች ሲኒ ይዘው ስለ ፖለቲካና ስለ ኳስ ይከራከራሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የሚቆጥር የወሎ ሰው በዚያ ሦስት ዙር ባይጠብቅም ሦስተኛውን ቃል ያገኘዋል፦ በረከት በስዋሂሊ «ባራካ» ነው።

ማዕዱ ሲነሣ እንግዳ «አሳንቴ ክዋ ቻኩላ» (ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ) ይላል፤ «ሙንጉ አኩባሪኪ» (እግዚአብሔር ይባርክህ ወይም ይባርክሽ) ብሎ የሚመርቅም አለ፤ ሙስሊሙ «አልሃምዱሊላሂ» ይላል። እንግድነቱ ለሚረዝም ሰው ስዋሂሊ አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር አለው፦ «ምጌኒ ሲኩ ምቢሊ፣ ሲኩ ያ ታቱ ምፔ ጄምቤ»፤ እንግዳ ለሁለት ቀን ነው፣ በሦስተኛው ዶማ ስጠው። የቤቱን ሰው እየረዱ መብላት እንደሚገባ ያስታውሳል።

ከሰው ቤት ውጭ ሲሆን ነገሩ አጭር ነው። በኬንያ ከተሞች «ሆቴሊ» ማለት እንደ እኛው አገር አነጋገር ምግብ ቤት ማለትም ነው። «ኩና ቻኩላ ጋኒ?» ምን ምግብ አለ? «ቤይ ጋኒ?» ዋጋው ስንት ነው? «ናኦምባ ቢሊ» ሒሳብ ይምጣልኝ። ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ የሚያልፍ ሹፌርም ሆነ ነጋዴ እነዚህን ሦስቱን ይዞ መንገዱን ሁሉ ይበላል።

ቃላቱ የሚጸኑት በአፍ ሲደጋገሙ ነው። እስካሁን የተጠቀሱትን በአንድ ቀን ለመያዝ መጣደፍ አያስፈልግም፤ በመጀመሪያው ሳምንት «ካሪቡ»፣ «አሳንቴ»፣ «ኒሜሺባ»፣ «ናኦምባ ማጂ» እና «ኒሜፉንጋ» በቤት ማዕድ ላይ ከቤተሰብ ጋር ይባሉ፤ በሁለተኛው ሰዓቱና ቁጥሩ ይጨመሩ። ጆሮን ለማለማመድ የቢቢሲና የዶይቸ ቬለ የስዋሂሊ ሥርጭቶች ይጠቅማሉ፤ የቢቢሲው ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰማ ነው። ዩኔስኮ የሰየመው የዓለም የስዋሂሊ ቋንቋ ቀን በየዓመቱ ሰኔ 30 ይከበራል፤ አድማጭ እስከዚያው በአንድ ገበታ ላይ ያለውን ሁሉ በስዋሂሊ ለመጥራት ይጣር።